በአዲስ ሕንፃ ውስጥ ጋዝ ይግባን? የበርክሌይ ከተማ ክርክርና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

በአዲስ ቤት ግድግዳ ውስጥ የሚዘረጋው ቧንቧ ወይም ሽቦ የባለቤቱና የግንበኛው ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ቧንቧ የገባለት ቤት የጋዝ ምድጃና የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ይገዛል፤ ሽቦ ብቻ የገባለት ቤት ደግሞ የኤሌክትሪኩን ይገዛል። ስለዚህ ስለ ሕንፃ ሥራ የሚወጣ ደንብ የትኛው ዕቃ ከመደርደሪያ ላይ እንደሚነሣና የትኛው አቧራ ለብሶ እንደሚቀር የሚወስን የንግድ ደንብ ጭምር ነው። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በካሊፎርኒያ ግዛት በምትገኘው በበርክሌይ ከተማ የተደረገው ክርክር ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 በአዲስ ሕንፃዎች ውስጥ የተፈጥሮ ጋዝ ቧንቧ እንዳይዘረጋ የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ በዚህም ከአገሩ ከተሞች ቀዳሚ ሆነ። ደንቡ ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ሲጸና ቀድሞ የተሠሩትን ቤቶች አልነካም።

የደንቡ ደጋፊዎች ያቀረቡት ምክንያት ቀላል አልነበረም። የተፈጥሮ ጋዝ አብዛኛው ክፍል ሜቴን ነው፤ ሳይቃጠል ካመለጠ የምድርን ሙቀት አጥብቆ ይጨምራል፤ ሲቃጠልም በቤት ውስጥ ለመተንፈሻ አካል የማይበጅ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ከዚህም በላይ ዛሬ የተቀበረ ቧንቧ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ስለሚያገለግል፥ ከኋላ ከማፍረስ ከመጀመሪያው አለመዘርጋት ይረክሳል አሉ።

ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ገዢው የማብሰያውን ዓይነት የመምረጥ መብት አለው፤ በካሊፎርኒያ የኤሌክትሪክ ዋጋ ከባድ ነው፤ ከኤሌክትሪኩም ከፊሉ የሚመነጨው ጋዝ በማቃጠል ነው ሲሉ ተከራከሩ። በተለይም በነበልባል ላይ ማብሰልን የለመዱ ምግብ ቤቶች ሙያችን ይጎዳል ብለው ስለ ሠጉ፥ የካሊፎርኒያ ምግብ ቤቶች ማኅበር በዚያው በ2019 በከተማው ላይ ክስ መሠረተ።

ሙግቱ ግን የተፈረደው በጭስም በዋጋም አልነበረም። በ1975 የወጣው የፌዴራል ሕግ በብዙ የቤት ዕቃዎች የኃይል አጠቃቀም ላይ ደንብ የማውጣትን ሥልጣን በአመዛኙ ለማዕከላዊው መንግሥት ይሰጣል። ከተማው፦ እኔ የከለከልሁት ቧንቧውን እንጂ ምድጃውን አይደለም ሲል ተከላከለ፤ በ2021 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ይህን ተቀብሎ ክሱን ሰረዘ። በኤፕሪል 2023 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት፥ ቧንቧ የተከለከለበት ቤት በጋዝ ምድጃ ሊጠቀም ስለማይችል ነገሩ ምድጃውን ከመከልከል አይለይም ሲል ፍርዱን ገለበጠ። ከተማውም በማርች 2024 ደንቡን ለመሻር ተስማማ።

የኒው ዮርክ ከተማ በ2021 ያወጣው ደንብ ሌላ መንገድ ተከተለ። ቧንቧውን በመከልከል ፈንታ በአዲስ ሕንፃዎች ውስጥ በሚቃጠል ነዳጅ የጭስ መጠን ላይ ወሰን አደረገ፤ የምግብ ቤት ማብሰያ ክፍሎችንም ከወሰኑ ነጻ አወጣ። በዚህ ደንብ ላይ የቀረበውን ክስ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2025 ሳይቀበለው ቀረ። ዓላማቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ደንቦች እንዲህ የተለያየ ዕድል ገጠማቸው።

በአገራችን ከተሞች ጋዝ በሲሊንደር እንጂ በየቤቱ በተዘረጋ ቧንቧ ስለማይመጣ ክርክሩ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ዳሩ ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ባስታወቀ ጊዜ፥ የኃይል ምንጭን የሚመለከት ውሳኔ የአስመጪን ሥራ ምን ያህል እንደሚለውጥ በቅርብ ታይቷል።

እንግዲህ ትምህርቱ ይህ ነው። ነጋዴ የደንብን ዓላማ ብቻ ሰምቶ ዕቃ ቢያዝዝ ወይም ያዘዘውን ቢሰርዝ ይጎዳል፤ በበርክሌይ ደንቡ ይጸናል ብሎ የጋዙን ዕቃ የተወም፥ ይሻራል ብሎ ያከማቸም ለዓመታት በጥርጣሬ ቆይቷል። ስለዚህ ደንቡን ማን እንዳወጣው፥ ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ፥ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸናና ማንን ነጻ እንደሚያወጣ መመርመር ይገባዋል። ሐሳብ የሚቀርብበትም ጊዜ ደንቡ ገና በረቂቅ ሳለ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ቃል ለምድጃው ብቻ ሳይሆን ለደንቡም ይሠራል።