ትልቁ ፊደል ሲያንስ፣ ነጠላ ሰረዝ ሲያስከፍል

እንግሊዝኛ ስንማር የሰው ስም በትንሽ ፊደል የጀመረ ተማሪ ደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ ይዥጎረጎር ነበር። ሕጉ ከጥንት የጸና ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1787 በብራና የተጻፈውን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ያየ ግን ግራ ይገባዋል፤ ተራ ስሞች እንኳ በብዛት የሚጀምሩት በትልቅ ፊደል ነው። ያ ልማድ የከሰመው በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው።

ከዚያ ወዲህ ጉዞው ወደ ማቅለል ሆኗል። የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕሬስ በ2011 ከኢሜይል ላይ ጭረቷን አነሣ፤ በ2016 ኢንተርኔትን ወደ ትንሽ ፊደል አወረደ። ከታይፕራይተር የተወረሰውን፣ ከዓረፍተ ነገር መዝጊያ በኋላ ሁለት ክፍት ቦታ የመተው ልማድ ደግሞ ማይክሮሶፍት ወርድ በ2020 እንደ ስሕተት ያሰምርበት ጀመር። (እኛም በቃላት መካከል የነበረውን ሁለት ነጥብ ለባዶ ቦታ አስረክበናል፤ ያለቀሰለት ብዙ አይደለም።)

ወደ ላይ የወጣም አለ። የጥቁሮች መብት ተሟጋቹን ዱቦይስን የመሰሉ ሰዎች ዓመታት ከወተወቱ በኋላ ኒውዮርክ ታይምስ በ1930 «ኒግሮ»ን በትልቅ ፊደል መጻፍ ጀመረ። በ2020፣ ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ በተገደለ ማግሥት፣ ጋዜጣውና አሶሼትድ ፕሬስ የሕዝብ መጠሪያ የሆነውን «ብላክ»ንም እንዲሁ አደረጉ። አንቱ ለሌለው ቋንቋ ትልቁ ፊደል አንቱታ ሆነለት።

ክርክሩ ያልበረደው በነጠላ ሰረዝ ነው፤ በዝርዝር ውስጥ ከ«ወይም» ወይም ከ«እና» በፊት በምትገባዋ። ብዙ ጋዜጦች ትርፍ ናት ብለው ይተዋታል። በአሜሪካ ሜይን ግዛት የኦክኸርስት ወተት ኩባንያ ሹፌሮች ግን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠይቀው ሲከሱ ጉዳያቸው የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነበር። ክፍያው የማይመለከታቸውን ሥራዎች የሚዘረዝረው ሕግ መጨረሻ ላይ «ለጭነት ወይም ለስርጭት ማሸግ» ተብሎ ሊነበብ ይችል ነበር። ከ«ወይም» በፊት ሰረዝ ብትኖር ኖሮ «ለጭነት ማሸግ፣ ወይም ማሰራጨት» በሆነ ነበር። ሹፌሮቹ ያሰራጫሉ እንጂ አያሽጉም። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 ሕጉ አሻሚ ነው ብሎ ለእነሱ ወሰነ፤ ኩባንያው በ2018 በ5 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ።

የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች አንቀጹን ሲያርሙ ነጠላ ሰረዝን አላመኑም፤ ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር በድርብ ሰረዝ ለያዩት።