የስያሜ ውሳኔና የሶፍትዌር እትም ጊዜ

እንደሚታወቀው፣ የስያሜ ሥራ የራሱ ጊዜ አለው፤ አንድ ቃል ተጠንቶ፣ ክርክር ተደርጎበትና ጸድቆ እስኪወጣ ወራት ይወስዳል። ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ግን ቀን ቆርጦ የሚወጣ በመሆኑ ተርጓሚን አይጠብቅም። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጊዜያት ማገናኘት የሚቻልበትን መንገድ በግኖም ምሳሌነት ለማስረዳት እንሞክራለን።

ግኖም በሊነክስ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚያገለግል የመሥሪያ ገጽ ሲሆን፣ በየ6 ወሩ፣ ይኸውም በመጋቢትና በመስከረም ገደማ፣ አዲስ እትም ይወጣለታል። እትሙ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የጽሑፍ እገዳ ይጸናል። ከዚያ ወዲያ የፕሮግራሙ ሠሪዎች በገጹ ላይ የሚነበበውን እንግሊዝኛ ያለ ትርጉም አስተባባሪዎች ፈቃድ ሊለውጡ አይችሉም። እገዳው ተርጓሚውን አይመለከትም፤ ለእርሱ እንዲያውም መሬቱ የሚረጋበት ወቅት ነው።

በዚህ ወቅት መተርጎም ደግ ነው፤ ለስያሜ ውይይት ግን እጅግ የዘገየ ነው እንላለን። «ማስቀመጥ» እና «መመዝገብ» ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ ሲወዳደሩ፣ ወይም ትእዛዙ «ክፈት»፣ «ይክፈቱ» ወይስ «መክፈቻ» ይባል የሚለው ሲያከራክር፣ ውሳኔው እጅግ ብዙ መስመሮችን ይነካል። በችኮላ የተወሰነ እንደሆነ በአንዱ መስኮት አንድ፣ በሌላው ሌላ ሆኖ ይወጣና ተጠቃሚው ሁለት የተለያዩ ተግባራት ይመስሉታል።

ከእገዳው አስቀድሞ ሁሉንም ተርጉሞ መጨረስም አያዋጣም። ጌትቴክስት የተባለው መሣሪያ፣ የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር በጥቂቱ ሲለወጥ፣ የቀድሞውን ትርጉም አጠራጣሪ ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ ተርጓሚው አይቶ እስኪያጸድቀው ድረስም ለተጠቃሚው የሚታየው እንግሊዝኛው ነው። ለውጡ የአንዲት ሥርዐተ ነጥብ ሆኖ አማርኛውን ፈጽሞ የማይነካው ቢሆን እንኳ ያው ነው።

ስለሆነም ስያሜው ያለፈው እትም እንደወጣ ባሉት ወራት፣ የዐረፍተ ነገሩ ትርጉም በእገዳው ሳምንታት ቢሠራ እንመርጣለን። የመስከረሙ እትም እገዳ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን፣ ማለትም መምህራን የሆኑ ተርጓሚዎች በክረምት ዕረፍት በተበተኑበት ጊዜ ይውላልና፣ የዚያ እትም ስያሜዎች ከሰኔ በፊት ቢጸድቁ ይበጃል። የዘገየ ትርጉም ጠፍቶ አይቀርም፤ ከዋናው እትም በኋላ ስሕተት ለማረም በሚወጡት ንኡሳን እትሞች ይካተታል። ስያሜን በእነዚህ መካከል መለወጥ ግን ተጠቃሚው የለመደውን ማናጋት ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ዋና እትም ቢቆይ ይሻላል።