ከፀሐይ በፊት ስለ ነበረው ብርሃን

የሥነ ፍጥረትን ትምህርት በሚማሩ ዘንድ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ብርሃን በእሑድ፥ ፀሐይ ግን በረቡዕ ከተፈጠረች፥ በመካከሉ የነበረው ብርሃን ከወዴት ነው? የሚል ነው፡፡

መጽሐፈ ኩፋሌ ፍጥረታትን 22 አድርጎ ይቈጥራል፡፡ መምህራኖቻችንም ይህንኑ ቍጥር ይዘው በእሑድ 8፥ በሰኞ 1፥ በማክሰኞ 3፥ በረቡዕ 3፥ በሐሙስ 3፥ በዓርብ 4 እያሉ ያስተምራሉ፡፡ ብርሃን ከእሑድ ፍጥረታት አንዱ ነው፤ ፀሐይ፥ ጨረቃና ከዋክብት ግን የረቡዕ ናቸው፡፡

የዘመኑ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም በሌላ መንገድ ሄደው ብርሃን ፀሐይን እጅግ እንደሚቀድማት ደርሰውበታል፡፡ እንደ ስሌታቸው የዓለሙ ዕድሜ 13.8 ቢልዮን ዓመት ያህል ነው፤ አንድ ቢልዮንም ሺህ ጊዜ ሚልዮን ማለት ነው፡፡ ሂደቱንም በየደረጃው ይከፍሉታል፡፡

በመጀመሪያ ዓለሙ እጅግ የታመቀና እጅግ የጋለ ነበረ፤ እየሰፋ ሲሄድም እየበረደ መጣ፡፡ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች የሃይድሮጅንና የሂሊየም አስኳሎች ተገኙ፤ በክብደት ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ሃይድሮጅን፥ አንዱ ያህል ሂሊየም ሆነ፡፡

ሁለተኛውን ደረጃ የጉም ዘመን ልንለው እንችላለን፡፡ ብርሃን በዝቶ ሳለ ወዲያና ወዲህ የሚበሩ ኤሌክትሮኖች መንገዱን ይዘጉበት ነበር፤ በክረምት ጧት በጉም መካከል የቆመ ሰው ነግቶለት ሳለ አሻግሮ ማየት እንደሚሳነው ማለት ነው፡፡ 380,000 ዓመት ያህል ሲሆን ሙቀቱ ወደ 3,000 ዲግሪ ወረደ፤ ኤሌክትሮኖቹ ከአስኳሎቹ ጋር ተጣምረው አቶም ሆኑ፤ ጉሙ ተገፈፈ፤ ብርሃኑም ተለቀቀ፡፡

ሦስተኛው የጨለማ ዘመን ይባላል፤ የሚያበራ ኮከብ ገና አልነበረምና፡፡ ከዚያ በኋላ፥ በጥቂት መቶ ሚልዮን ዓመታት ውስጥ፥ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብትና ጋላክሲ የሚባሉት የከዋክብት ጭፍሮች ታዩ፡፡ የእኛ ፀሐይ የተገኘችው ከ4.6 ቢልዮን ዓመት በፊት ነው፤ ስለዚህ ያ ብርሃን በ9 ቢልዮን ዓመት ያህል ይቀድማታል፡፡

ይህ በምን ታወቀ ቢሉ፥ ሩቅ ማየት ጥንትን ማየት ስለ ሆነ ነው፤ ብርሃን ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታልና፡፡ በላስታ ተራራ ያለ መናኝ፥ ወይም በዐረብ ኤምሬቶች፥ የአል ጃሂሊ ምሽግ ባለባት በአል ዓይን ከተማ የሚሠራ ወገናችን ከመብራት ርቆ ወደ በረሃው ወጥቶ፥ ጨረቃ በሌለበት በኅዳር ምሽት ቀና ቢል፥ አንድሮሜዳ የተባለችውን ጋላክሲ እንደ ትንሽ ደመና ያያታል፡፡ ዓይኑ የተቀበለው ብርሃን ግን ከ2.5 ሚልዮን ዓመት በፊት የተነሣ ነው፡፡ ከጉሙ የወጣውንም ጥንታዊ ብርሃን አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በሬድዮ አንቴና ማግኘታቸው በ1965 እ.ኤ.አ. ተገለጠ፡፡ እርሱም ዛሬ ከፍጹም ዜሮ በላይ ወደ 2.7 ዲግሪ በርዶ ከሰማይ ማዕዘን ሁሉ ይመጣል፡፡

እንግዲህ መጽሐፉና ምርምሩ አንድ ቃል ተናገሩ እንበልን? መቸኰል አይገባም፡፡ ዓለሙ እንደሚሰፋ በ1927፥ መነሻውም አንዲት ጥንታዊት አቶም እንደ ሆነች በ1931 እ.ኤ.አ. የጻፉት ዦርዥ ለሜትር ራሳቸው የቤልጅግ ካህን ነበሩ፡፡ በ1951 እ.ኤ.አ. የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ይህን ትምህርት ከፍጥረት ቃል ጋር አስማምተው ቢናገሩ፥ ለሜትር ደስ አላላቸውም፤ ትምህርታቸው ከሃይማኖት ክርክር ውጭ እንዲቆይ ይፈልጉ ነበርና፡፡ የዛሬ ምርምር በነገ ምርምር ይታረማል፤ በእርሱ ላይ የተደገፈ ትርጓሜም አብሮ ይወድቃል፡፡

ቃላቱም ይለያያሉ፡፡ ጠፈር በግእዝ ውሃን ከውሃ የለየው የሰኞ ፍጥረት ነው፤ በዛሬ አማርኛ ጠፈርተኛ ስንል ግን መንኰራኵር የሚሄድበትን ኅዋ ማለታችን ነው፡፡ የእሑዱ ብርሃንና በአንቴና የተገኘው ብርሃንም በስም ስለ ተገናኙ ብቻ አንድ ናቸው አይባልም፡፡

ስለዚህ ተማሪ ሲጠይቅ መምህሩ ሁለቱን በየወንበራቸው አስቀምጦ ይመልስ፡፡ መጽሐፉ ፈጣሪውን ያስተምራል፤ ምርምሩ የሂደቱን መጠንና ዘመን ይመዝናል፡፡ ብርሃን ከፀሐይ ይቀድማል ለማለት ግን በሁለቱም ወንበር የተቀመጠ አያፍርም፡፡