ቆሽቱ ያረረው ውሻ

እኛ ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። የውሻ ቆሽት ግን የምሩን ያርራል!

ጊፋታ ሲደርስ ወላይታ ውስጥ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ በተጠራቀመ ገንዘብ በሬ ይገዛል፣ የተቀመጠው ቅቤ ይወጣል፣ ቁርጡ በዳጣ ይበላል። ተከርክፎ የተጣለው ጮማ፣ ቅቤ የነካው ትርፍራፊስ ለማን ነው? ደጅ ለታሰረው ቡቺ ነዋ!

ባለፈው ጊፋታ ማግስት አንድ የሶዶ ልጅ ደወለልኝ። ውሻው ያስመልሰዋል፣ እህል አይቀምስም፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት ያስነካል፣ ኋላውን ሽቅብ ያደርጋል፤ እንደሚሰግድ ሰው። ይህ የሆድ ሕመም አቋም ነው። እናቱ ግን «መርዝ አብልተውታል» ብለው ቅቤ አቅልጠው ሊግቱት ተነስተዋል። «ኧረ ተው፣ እንዳትግቱት!» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆሽት ስብና ሥጋ የሚፈጭበትን ፈሳሽ ያመርታል። ፈሳሹ ሥራ የሚጀምረው አንጀት ሲደርስ ነው። ቆሽቱ ሲቆጣ ግን እዚያው ጀምሮ ራሱን ቆሽቱን ይፈጨዋል! መንስኤው ሁልጊዜ ባይታወቅም ውሻው ያለወትሮው የበላው ስብ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። እንግዲህ ቅቤ መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። እያስመለሰው የተጋተው ደግሞ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እውነት መርዝ ቢሆንስ? ያኔም ቅቤ መድኃኒቱ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ነው።

(ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ከሆነ አፉን አትንኩ። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ።)

በሽታውን ለመለየት ላይፔዝ የተባለውን የቆሽት ንጥረ ነገር የሚለካ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ይረዳሉ። እነዚህ በሌሉበት ክሊኒክ ሐኪሙ ሆዱን ይዳስሳል፣ እናንተን ይጠይቃል። ታዲያ «ምንም አልሰጠነውም» ማለት ምን ይባላል? የበላውን ሳትደብቁ ተናገሩ! ቡችላ ከሆነ ክትባቱንም ንገሩ፤ ፓርቮም እንዲሁ ያስመልሳል።

ቆሽቱን በአንዴ የሚፈውስ ተአምረኛ መርፌ የለም። ዋናው ሕክምና በደም ሥር የሚሰጠው፣ በደፈናው «ግሉኮስ» የምንለው ፈሳሽ ነው። ከዚያ ማስታገሻና ማስመለስ የሚያቆም መድኃኒት ይታከላል። አንቲባዮቲክ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ቤት ያለ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በፍጹም! ጨጓራና ኩላሊቱን ይጎዳል። ቀድሞ ለቀናት ይጾም ይባል ነበር፤ ዛሬ ማስመለሱ ጋብ ሲል ጥቂት ጥቂት ይመገባል፦ ሩዝና ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ዘይት።

በሽታው ሊያገረሽ ስለሚችል ለእንግዳውም ለጎረቤቱም ንገሩ። ልጆቹን ደግሞ ጠበቅ አድርጉ፤ ጮማውን በጠረጴዛ ሥር የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው።