ነጠላ ዜማና ሙሉ ማኅሌት

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተካበ የተሠሩ አይደሉም፤ ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ስለዚህ ዓምዱን ከጣራው፥ ጣራውንም ከግድግዳው የሚለይ መጋጠሚያ አይገኝባቸውም። በእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት የሚቆመው ማኅሌትም እንደዚሁ ነው። በዛሬው ጊዜ ግን ማኅሌቱን በየቁራጩ እየከፈሉ መቅረጽና ማሰራጨት ስለ በዛ፥ ዜማ እንደ አንድ ሥራ ይሰማ ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው ይሰማ የሚለው ጥያቄ የዘፈን ነጋዴዎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የካህናትና የሹማምንትም ጥያቄ ሆኗል።

ነገሩ የመጣው ከመቅረጫው መሣሪያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ድምፅ በሸክላ መቀረጽ በጀመረበት ዘመን አንዱ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ግድም በጀርመን አገር ድምፃቸውን ሲያስቀርጹ ልኩ ይኸው ነበር። ቀድሞ አዝማሪ የሰሚውን ፊት እያየ ዜማውን ያስረዝምና ያሳጥር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሸክላው ይወስንለት ጀመር። አልበም የሚባለውም ስም መጀመሪያ ብዙ ሸክላዎች በአንድነት የሚቀመጡበት፥ እንደ መጽሐፍ ያለ ማኅደር ስም ነበር። በ1948 በአሜሪካ የኮሎምቢያ ኩባንያ በአንድ ገጹ 20 ደቂቃ ያህል የሚይዝ ሸክላ ባወጣ ጊዜ፥ መጀመሪያና ፍጻሜ ያለው ረዥም ሥራ ለማቅረብ ተቻለ። በአዲስ አበባ አምሃ እሸቴ በ1969 የሸክላ ማሳተም ሥራ ሲጀምሩ ግን አብዛኛው ሕትመት በየገጹ አንድ አንድ ዘፈን የያዘ ትንሽ ሸክላ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ካሴት፥ መዝለሉ አድካሚ ስለ ነበረ፥ ሰሚውን ዜማውን በተራው እንዲሰማ አስገደደው። አሁን ደግሞ በእጅ ስልክ የፈለጉትን መርጦ የቀረውን መተው ቀላል ሆኗል። ይህ ያሳሰባት እንግሊዛዊቱ ዘፋኝ አዴል በ2021 አቤት ባለች ጊዜ፥ ስፖቲፋይ የተባለው የሙዚቃ ማሰራጫ ድርጅት ተራውን አምሶ የሚያጫውተውን ቁልፍ ከአልበሞች ዋና ቦታ ላይ አንሥቷል።

እንግዲህ የዓለም ዘፋኞች ዛሬ የሚከራከሩበትን ነገር የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከብዙ ዘመን በፊት በሥርዓት ወስነውታል። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ድጓ የዜማዎች ክምችት ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ተከትሎ የተሰደረ ነው። ዮሐንስ የተባለው ክፍል ከመስከረም ይጀምራል፤ አስተምሕሮ ከታኅሣሥ ይቀጥላል፤ ፋሲካ ከትንሣኤ እስከ ዓመቱ ፍጻሜ ይደርሳል፤ የዐቢይ ጾም ዜማ ደግሞ በጾመ ድጓ ተለይቶ ተጽፏል። ስለዚህ አንዱ ዜማ ቀኑን ካጣ ከትርጓሜው ብዙውን ያጣል።

በአንዱ ሌሊት ውስጥም ይኸው ሥርዓት ይገኛል። ቃሉ አስቀድሞ በቁም ዜማ፥ ያለ ከበሮ፥ በዝግታ ይባላል። ቀጥሎም ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ በዝማሜ ያዜሙታል። በመረግድ ጊዜ ከበሮና ጸናጽል ይጨመራል፤ በጽፋት ጊዜ ምቱ ይፈጥናል፥ ጭብጨባም ይከተላል። የመጨረሻው ደስታ ከመጀመሪያው ዝግታ የተወለደ ነው። ጽፋቱን ብቻ ቆርጦ የሚያሳይ ሰው ግን ካህናቱ ያለ ምክንያት የሚቻኮሉ አስመስሎ ያቀርባቸዋል።

በላሊበላ ከተማ በልደት ጧት የሚባለው ቤዛ ኵሉ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው። በቤተ ማርያም ዙሪያ ማሜ ጋራ በተባለው አለት ላይ የቆሙት ካህናት የመላእክት፥ በታች በአደባባዩ የቆሙት የእረኞች ምሳሌ ሆነው እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ይህ ዜማ ከሌሊቱ ማኅሌትና ከቅዳሴው በኋላ የሚመጣ ነው። መቅረጫውን ከአንድ ወገን ብቻ አቁሞ ሁለት ደቂቃ የቀረጸ ሰው፥ ጥያቄውን ትቶ መልሱን፥ ወይም መልሱን ትቶ ጥያቄውን እንደ ያዘ ይቆጠራል።

ይህም ሲባል ነጠላው ዜማ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በባዕድ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ፥ ወይም በሕመም አልጋ የተኛ ምእመን፥ ከበዓሉ አንዲት ቁራጭ ቢሰማ ይጽናናል። በዚያችው ቁራጭ ምክንያት ላስታን ለማየት የሚነሣም አይጠፋም። ጉዳት የሚሆነው ቁራጩ ሙሉውን ተክቶ የቀረ እንደ ሆነ ነው። የድጓው መጽሐፍ ቃሉንና የዜማውን ምልክት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ከዝማሜው ወደ መረግዱ የሚተላለፉበትን ጊዜ፥ የከበሮውንም አመታት፥ ተማሪ ከመምህሩ አጠገብ ቆሞ ካልሆነ በቀር ከብራና ብቻ አያገኘውም። እንዲህ ያለው ዕውቀት ሊቁ ሲያርፍ አብሮ ሊቀበር ይችላል።

ስለዚህ በቅርስ ጥበቃ ሥራ የተሾሙ ሁሉ ከደብሩ አለቆችና ከመሪጌቶች ጋር ተመካክረው ማኅሌቱን ከዋዜማው እስከ ቤዛ ኵሉ ሳይቆርጡ፥ የላይኛውንም የታችኛውንም ወገን ድምፅ አጣምረው ቢያስቀርጹ መልካም ነው። ከዚያም የሚወጣው ነጠላ ዜማ የየትኛው በዓል እንደ ሆነ፥ ከምን ቀጥሎ እንደሚባልና በምን ዓይነት ዜማ እንደ ተዜመ ተጽፎበት ይሰራጭ። አሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ አለቱ ጠባቂ አገኘ። ለዜማው ግን ጠባቂው ሥርዓቱ ነውና፥ ሥርዓቱን ሳይከፍሉ ለተከታዩ ትውልድ ማስረከብ የካህናትም የሹማምንትም የጋራ ግዴታ ነው።