ሊኑክስ በነጻ፣ ባለሙያው በዋጋ

«ሲስተም የለም» የምትለዋን መልስ ያልሰማ ነጋዴ የለም። ፈቃድ ለማሳደስ ወይም ግብር ለመክፈል ሄዶ ይህችን ቃል የሰማ ሰው የዕለት ሥራው ተበላሽቶ ይመለሳል። ለመሆኑ ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ሰርቨር በምን ሶፍትዌር ነው የሚሠራው? የሚጠብቀውስ ማን ነው?

በመንግሥት አገልግሎቶች ውስጥ «ኦፕን ሶርስ» የሚባለው፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነና የላይሰንስ ክፍያ የማይጠየቅበት ሶፍትዌር ቦታ ከያዘ ቆይቷል። የፋይዳ መታወቂያ መሠረት የሆነው ሞሲፕ በ2010 ዓ.ም. በሕንድ ባንጋሎር መሠራት የጀመረ ነው። ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ የኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ሁለቱም በአብዛኛው የሚተከሉት ሊኑክስ በተጫነበት ሰርቨር ላይ ነው።

ጥቅሙ በብር ሲሰላ ግልጽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ኩባንያው 1,069 ዶላር የመነሻ ዋጋ ያወጣለት የዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ስታንዳርድ ላይሰንስ ከ61 ሺህ ብር ገደማ ተነስቶ ከ106 ሺህ ብር አለፈ። ሊኑክስን በነጻ ያወረደ መሥሪያ ቤት ግን ይህ ጭማሪ አልነካውም።

ይሁን እንጂ ላይሰንሱ ነጻ ነው ማለት ሥራው ነጻ ነው ማለት አይደለም። ከተመን ለውጡ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የነበረው ሴንትኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የጥገና ዘመኑ አበቃ። ከዚያ ቀን ወዲህ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝበት በነጻ የሚደፍንለት የለም። ተተኪዎቹ ሮኪ እና አልማ በነጻ ይገኛሉ፤ ነገር ግን መረጃውን ገልብጦ፣ በሌላ ማሽን ሞክሮ፣ ሥራ በሌለበት ሌሊት የሚያዛውር ባለሙያ ያስፈልጋል። መጠባበቂያ ቅጂውም ቢሆን በየጊዜው ተከፍቶ ካልተሞከረ ዋስትና አይሆንም። ዋናውን የይለፍ ቃል አንድ ሰው ብቻ ይዞ ሥራ የለቀቀ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የራሱን ሰርቨር ደጅ ይጠናል። ባለሙያው ደግሞ ልምድ ሲያካብት የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍል ባንክ ወይም የግል ድርጅት ያመራል።

ችግሩ ከመዲናዋ በራቁ ቦታዎች ይበልጥ ይከብዳል። ከይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ማር ጭኖ ለላሊበላ የቅዳሜ ገበያ የሚመጣ የላስታ ገበሬ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ቢፈልግ መታወቂያው የሚረጋገጠው በኔትወርክ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እንደታየው፣ መስመሩ ከሌለ የሰርቨሩ ደኅንነት ብቻውን ፋይዳ የለውም። የተቋረጠን መስመር የሰርቨር አስተዳዳሪ አይቀጥልም። ይሁንና ጉዳቱን መቀነስ ይችላል። ሊኑክስ በጽሑፍ ትእዛዝ ስለሚታዘዝ በደካማ መስመርም ከሩቅ ይጠገናል። የማሻሻያ ፋይሎችን ቅጂ በክልል ከተማ ማስቀመጥም ይቻላል። የሞሲፕ የምዝገባ ፕሮግራም ራሱ ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ በኋላ መላክ እንዲያስችል ሆኖ ነው የተሠራው።

በመሆኑም መሥሪያ ቤቶች ከላይሰንስ ያዳኑትን ገንዘብ ለጥገና ውልና ለሥልጠና ቢያውሉት፣ በብር የሚከፈላቸው የአገር ውስጥ ድርጅቶች አዲስ ገበያ ያገኛሉ። የጨረታ ሰነዱም ከሰርቨሩ ዋጋ አልፎ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይኖርበታል። ሲስተሙ ቢወድቅ በስንት ሰዓት ይመለሳል? መጠባበቂያው መቼ ተሞከረ? ኃላፊው ቢለቅ ማን ይተካዋል? በዚህ መስክ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሀብትም ለሦስቱ መልስ ይዞ ቢቀርብ ያዋጣዋል።