«ዘ ጎርጎን»፤ የተሸሸገ ጭራቅና ያልታደለ ፍቅር

ሰውን ለማስፈራት ተብለው ከሚሠሩት ፊልሞች አብዛኞቹ አንድ ማታ ታይተው በማግሥቱ የሚረሱ ናቸው። ሐመር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ያወጣው «ዘ ጎርጎን» ግን፥ ተመልካቹን እንደታሰበው ሳያስፈራው ቢቀርም፥ ታሪኩ ለአስተዳዳሪም ለነጋዴም ቁም ነገር ያዘለ ነው።

ጎርጎን በጥንት ግሪኮች ተረት ጠጕሯ እባብ የሆነ፥ ፊቷን ያየ ሁሉ ደንጊያ የሚሆንባት ፍጥረት ናት። ፊልሙ ቫንዶርፍ የተባለች የጀርመን መንደር በልብ ወለድ ፈጥሮ፥ በ1910 ዓ.ም. ጭራቋን እዚያ ያኖራታል። በአምስት ዓመት ውስጥ ሰባት ሰዎች ይገደላሉ፤ ሬሳቸውም ደንጊያ ሆኖ ይገኛል። ፒተር ኩሺንግ የተጫወቱት ሐኪም፥ ዶክተር ናማሮፍ፥ ምሥጢሩን ያውቃል። ነገር ግን ጨረቃ በሞላች ሌሊት የጭራቋ መንፈስ የሚያድርባት ረዳቱ ካርላ ናትና፥ እርሷንም ስለሚወድ አፉን ይዘጋል። ፖሊሱም ሕዝቡም በፍርሃት ዝም ይላሉ። ምርመራው ጥፋቱን ሁሉ ራሱን ሰቅሎ በተገኘ አንድ ወጣት ሠዓሊ ላይ ጥሎ ይዘጋል። እውነቱን ፍለጋ የመጣው የወጣቱ አባትም አካሉ ደንጊያ እየሆነ ሳለ ለቀረው ልጁ ለፓውል የመጨረሻ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከፊልሙ ሁሉ እጅግ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። ፓውል መጥቶ ካርላን ይወዳታል፤ እርሷ ራሷ ግን የሚያድርባትን አታውቅም።

አዘጋጁ ሚስተር ቴሬንስ ፊሸር ጭራቋን ከሩቅና በጥላ ውስጥ ብቻ እስካሳዩ ድረስ ልብ ይሰቀላል። ቀርባ ስትታይ ግን እባቦቹ ሕይወት የሌላቸው መጫወቻ ይመስላሉ፤ ፍርሃቱም ወደ ሣቅ ይለወጣል። ካርላን የተጫወቱት ሚስ ባርባራ ሼሊ እውነተኛ እባቦች በራሳቸው ላይ ተደርገው ጭራቋንም ራሳቸው ለመጫወት ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ሐሳቡ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቶ ቦታው ለሚስ ፕሩደንስ ሃይማን ተሰጠ። የሱቁ ጌጥ ሁሉ አምሮ ዋናው ዕቃ ቢበላሽ ገበያተኛው ምን እንደሚል ነጋዴ ያውቀዋል። ስሙም ቢሆን በጥንቃቄ አልተመረጠም፤ ጭራቋ ሜጌራ ተብላለች፥ ሜጌራ ግን በግሪኮች ዘንድ ከሦስቱ የበቀል አማልክት አንዲቱ እንጂ ጎርጎን አይደለችም። ጎርጎኖቹ ስቴኖ፥ ዩርያሌና ሜዱሳ ናቸው።

በፍጻሜው ናማሮፍ ጭራቋን አይቶ ይሞታል። ክሪስቶፈር ሊ የተጫወቱት የፓውል መምህር፥ ፕሮፌሰር ማይስተር፥ አንገቷን በሰይፍ ይቈርጣል። መሬት የወደቀው ራስ ወደ ካርላ ፊት ሲለወጥ ፓውል እያየ ደንጊያ ይሆናል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ናማሮፍ ካርላን ለማዳን ብሎ የሸሸገው ምሥጢር እርሷንም ራሱንም ንጹሓኑንም አጠፋ። የመጀመሪያው ሬሳ በተገኘ ዕለት እውነቱ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፥ የኋለኞቹ ሟቾች ራሳቸውን ለመጠበቅ በቻሉ፥ ለካርላም የሚረዳት ሰው በተፈለገ ነበር። እባቦቹ ባያስፈሩም፥ እያወቁ የተዘጋ መዝገብ ያስፈራል።